«ተገናኝቷል» ይላል፣ ድምፁ ግን የለም

አዲስ አበባ፣ መገናኛ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለ። ከመስታወት ባንኮኒው ሥር የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ ሜሞሪ ካርድና በየዓይነቱ ኢርፎን ተደርድሯል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ገቡና በመሐረብ የተጠቀለለ ትንሽ ነጭ ሣጥን ከቦርሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«እስቲ ይኼን እይልኝ ልጄ። አሜሪካ ያለችው ልጄ ናት የላከችልኝ። መዝሙር ስከፍት ያሰማኛል። እሷ ስትደውል ግን ድምጿ ከስልኩ ይወጣል እንጂ ወደዚህ አይመጣም። ተበላሽቶ ይሆን?»

ወጣቱ ባለሱቅ ሣጥኑን ከፍቶ አንዱን ፍሬ ወደ አምፖሉ አስጠጋና አገላብጦ አየው። «ኦርጅናል ነው እናቴ፤ ምንም አልሆነም። ስልክዎን ይክፈቱልኝ።» ማዳመጫው ለአይፎን ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእናትየው ስልክ ደግሞ አንድሮይድ። ልጁ ብሉቱዝ ውስጥ ገብቶ ከማዳመጫው ስም አጠገብ ያለችውን የማርሽ ምልክት ነካ። ሁለት መስመሮች ወጡ፤ አንዱ የጥሪ፣ አንዱ የሚዲያ። የሚዲያው በርቷል፣ የጥሪው ጠፍቷል። አበራውና በራሱ ስልክ እየደወለላቸው ከሱቁ ወጥቶ ደረጃው ሥር ቆመ። እናትየው «አለህ? እሰማሃለሁ! እሰማሃለሁ!» እያሉ ምድር ቤቱን ሞሉት።

ሲመለስ «እኔ ጋ ድምፅዎ ትንሽ ይታፈናል፤ ግን ይሰማል» አላቸው። ከዚያ መዝሙር ከፍተው አንዱን ፍሬ ከጆሯቸው ሲያወጡ መዝሙሩ መጫወቱን ቀጠለ። «የልጄ ግን ስታወጣው ያቆማል እኮ። ባትሪው ስንት እንደቀረውም ስክሪኑ ላይ ያሳያታል።» «እሱ በዚህ ስልክ አይሠራም እናቴ።» «እንዲህ ነው እንዴ! እኔ ምን አውቄ፤ የነካካሁት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሊከፍሉት ገንዘብ ሲያወጡ «ምን ሠራሁ ብዬ ነው የምቀበልዎ?» ብሎ መለሰላቸው።

«እኔ ምን አውቄ» የምትለዋን ንግግር እዚህ ሱቅ ውስጥ የተማረውም ያልተማረውም ሲላት ሰምቻለሁ። ኢንጂነር ነኝ ያለኝ ሰው እንኳ ብሏታል። ሰምተን የምናልፋት ነገር ብትመስልም እኔን ግን ታሳዝነኛለች። ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛው ወይም ከሚወደው ሰው የተላከለት ዕቃ አልታዘዝ ሲለው ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ስልኩ፣ ማዳመጫው፣ ቴሌቪዥኑና ስፒከሩ በሙሉ ልብ የሚግባቡባቸው ነገሮች በጣም ጥቂት ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ ያጠረው ግቢ ነው። ይህንንም ለገዢው አስቀድሞ የሚነግረው የለም።

ብሉቱዝ ራሱ የማንም የግል ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የስዊድኑ ኤሪክሰን ሉንድ በምትባለው ከተማ ስልክን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ያለ ገመድ ለማገናኘት ምርምር ጀመረ። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ ተሰባስበው አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ደረጃውን እስከ ዛሬ የሚያወጣው ይኸው ማኅበር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ማኅበሩ ሁለት ዕቃዎች እንዴት እንደሚፈላለጉና እንዴት እንደሚተማመኑ ይደነግጋል። ከተገናኙ በኋላ አብረው ምን እንደሚሠሩ የሚወስነው ግን ፕሮፋይል የሚባለው ነገር ነው። አንዱ ፕሮፋይል ሙዚቃ ያስተላልፋል፣ ሌላው ጥሪ፣ ሌላው ደግሞ «አቁም»፣ «ቀጥል» የሚሉትን የአዝራር ትእዛዞች። በእናትየው ስልክ ላይ የወጡት ሁለት መስመሮች የሙዚቃውና የጥሪው ፕሮፋይል ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ስልኩ «ተገናኝቷል» ሲል ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ሠርቷል ማለቱ ነው። ሁሉም ሠርተዋል ማለቱ አይደለም።

የሙዚቃው መንገድ ሰፊ ቢሆንም ድምፅ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከስልኩ ወደ ጆሮ። የጥሪው መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው። በድሮው አሠራር ድምፅ የሚለካው በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ነበር፤ የሙዚቃ ሲዲ 44,100 ጊዜ ይለካል። በ2011 የወጣው ማሻሻያ የጥሪውን ወደ 16,000 ከፍ አደረገው፤ ያ እንዲሠራ ግን ስልኩም ማዳመጫውም ሊደግፉት ይገባል። አንዱ ካልደገፈ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ወደ ድሮው ይወርዳሉ። ሙዚቃ እያዳመጡ ሳለ ማይክሮፎን የሚከፍት ፕሮግራም ሲጀመር ድምፁ ድንገት የሚደኸየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስልኩ ከሰፊው መንገድ ወጥቶ ወደ ጠባቡ ገብቷል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ተቀጥራ የምትሠራና ማታ ማታ በኢሞ ከቤተሰቧ ጋር የምታወራ ልጅ «ድምፅሽ ይታፈናል፣ ኔትወርኩ ነው» ስትባል፣ አንዳንዴ ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም። ማዳመጫዋን አውልቃ በስልኩ በራሱ ብትናገር ወዲያው ይጠራል።

ከፕሮፋይሉ ቀጥሎ ኮዴክ የሚባለው አለ። የብሉቱዝ አየር ጠባብ ስለሆነ ሙዚቃ እንዳለ ሊያልፍበት አይችልም። ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይፈልጋል። ስለዚህ ስልኩ ድምፁን ይጨምቀዋል፣ ማዳመጫው ይፈታዋል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የመጭመቂያ ዘዴ ማወቅ አለባቸው። በተለመደው ብሉቱዝ ሙዚቃ የሚያጫውት ማንኛውም ዕቃ ግዴታ ሊያውቀው የሚገባው ኤስቢሲ የተባለው ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ በውዴታ የሚጨመሩ ናቸው። አይፎን ከኤስቢሲ ሌላ በተለመደው የብሉቱዝ ሙዚቃ የሚጠቀመው ኤኤሲን ነው። አፕትኤክስ በ1980ዎቹ በሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተፀንሶ ብዙ እጅ ከቀያየረ በኋላ በ2015 የኳልኮም ሆነ፤ ኳልኮም ደግሞ ለብዙ አንድሮይድ ስልኮች ቺፕ የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። ኤልዳክን ሶኒ በ2015 አወጣው፤ ከ2017ቱ አንድሮይድ 8 ጀምሮም ለስልክ አምራቾች ሁሉ ክፍት ሆነ። ሳምሰንግና ሁዋዌ ደግሞ ለገዛ ማዳመጫዎቻቸው የየራሳቸውን ሠርተዋል።

እንግዲህ ሣጥኑ ላይ በወርቃማ ፊደል «990 ኪሎቢት» የተጻፈበትን ውድ ሄድፎን የገዛ ሰው ስልኩ አይፎን ከሆነ፣ ያን ቁጥር መቼም አይደርስበትም። ሄድፎኑ ይሠራል፣ ሙዚቃውም ያምራል፤ ግን ተጨማሪ የከፈለበት ነገር ሣጥኑ ላይ ቀርቷል። ስልኩ ኤልዳክን ቢያውቅ እንኳ አየሩ ሲጨናነቅ ከ990 ወደ 660፣ ከዚያም ወደ 330 ሊወርድ ይችላል። የእኔን ፍርድ ልናገርና፣ ለዚህ ቁጥር ብሎ ገንዘብ መጨመር የሚያስቆጭ ነው። አብዛኛው ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ በደንብ በተሠራ ኤኤሲና በኤልዳክ መካከል ልዩነት አይሰማም። ማዳመጫው በጆሮ ውስጥ ደልደል ብሎ መቀመጡ ለድምፁ ጥራት ከኮዴኩ ስም የበለጠ ይወስናል፤ የጎማ ጫፉ ልክ ካልሆነ ቤዙ ሁሉ ይፈስሳል። ሣጥን ውስጥ አብረው የሚመጡትን ሌሎቹን የጎማ ጫፎች ማንም አይነካቸውም፤ እነሱን መሞከር ግን በነፃ የሚገኝ ማሻሻያ ነው።

ሰው በትክክል የሚሰማው ልዩነት መዘግየቱ ነው። መጭመቁ፣ መላኩና መፍታቱ ጊዜ ይወስዳል፤ በተለመዱት ኮዴኮች ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ አካባቢ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመዘኛ ድምፅ ከምስሉ ወደ 125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ተመልካቹ ይነቃበታል። የስልክ ቪዲዮ ማጫወቻዎች መዘግየቱን አስልተው ምስሉን ያቆዩታል፤ ስለዚህ ስልክ ላይ ፊልም ስናይ ምንም አናስተውልም። ጌም ላይ ግን ማቆየት አይቻልም፤ ጣት ከነካ ምስሉ መንቀሳቀስ አለበት። ልጆች «ይኼ ኢርፎን ይዘገያል» ብለው ጌም ሲጫወቱ ወደ ገመዱ የሚመለሱት ትክክል ናቸው።

ስለ መቆራረጡም አንድ ነገር ልበል። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የብዙ ዋይፋይ ራውተሮችና የማይክሮዌቭ ምድጃ ሰፈርም ይኸው ነው። የተለመደው ብሉቱዝ ከግርግሩ ለማምለጥ በ79 ቻናሎች መካከል በሰከንድ 1,600 ጊዜ ይዘላል። ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነን ስልኩን በኋላ ኪሳችን ከትተን ድምፁ ሲቆራረጥ ማዳመጫውን ከመርገም በፊት ስልኩን ወደ ደረት ኪስ ማውጣቱ ይረዳል።

አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ገመዶች

ይህ ሁሉ ጣጣ የበዛው ጃክ የምትባለው የድሮዋ ክብ የኢርፎን ቀዳዳ ስትጠፋ ነው። አፕል በመስከረም 2016 አይፎን 7ን ያለ ጃክ አወጣ፤ ጉግል በ2017 ከፒክስል 2 ጋር ተከተለ፤ ሳምሰንግም በ2019 በኖት 10 ላይ እንዲሁ አደረገ። አፕል መጀመሪያ ላይ ጃክን ወደ ቻርጀር ቀዳዳ የምታገናኝ ትንሽ ገመድ ከስልኩ ጋር ይሰጥ ነበር፤ በ2018 ያንንም ከሣጥኑ አወጣው። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ብዙ ስልኮች ዛሬም ጃኳን ይዘዋል። ሀብታም የጣላት፣ ድሃ ያቆያት ቀዳዳ ለሙዚቃ ይበልጥ አስተማማኝ መሆኗን ስናገር አላፍርም። ፔር ማድረግ፣ ኮዴክ መስማማት፣ ባትሪ መሙላት የለም፤ መሰካት ብቻ ነው።

ጃክ የሌለው ስልክ ያለው ሰው ወደ ገበያ ወጥቶ «የታይፕ ሲ ኮንቨርተር» ይገዛል። መርካቶ ላይ ሁለት እንዲህ ዓይነት ገመዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም የአንድ ጣት ርዝመት፣ ማሸጊያቸውም ተመሳሳይ። አንደኛው በራሴ ስልክ ላይ ሠራ፣ ሌላኛው ፀጥ አለ። ሻጩ ፀጥ ያለውን ተቀብሎ በራሱ ስልክ ላይ ሲሰካው እንከን የለሽ ድምፅ አወጣ። «ታዲያ የእርስዎ ስልክ ነዋ!» አለኝ። በከፊል እውነቱን ነው። አንዳንድ ስልኮች የተዘጋጀ የአናሎግ ድምፅ በታይፕ ሲው ቀዳዳ ያወጣሉ፤ ለእነሱ ውስጡ ሽቦ ብቻ የሆነ ገመድ ይበቃል። ሌሎቹ፣ የጉግል ፒክስሎችንና ከ2023 ወዲህ ታይፕ ሲ ይዘው የመጡትን አይፎኖች ጨምሮ፣ የሚያወጡት ዲጂታል ብቻ ነው። ስለዚህ ገመዱ ውስጥ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ ቺፕ፣ ዳክ የሚባለው፣ መኖር አለበት። ቺፕ ያለው በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ይሠራል፤ ሽቦ ብቻ የሆነው በጥቂቶች ላይ። ከውጭ ሲታዩ ግን አይለዩም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ ለገበያ የሚቀርቡ ስልኮች ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲይዙ አስገድዷል፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ ቻርጅ ነው። በዚያው ቀዳዳ ስለሚወጣው ድምፅ የሚለው የለም።

ሳሎን ውስጥ

የአጎቴ ልጅ በአያት ሠፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፤ ሕፃን ልጅ አለው። ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲኖር ባለቤቱና ልጁ እንዳይረበሹ በሄድፎን ለማየት ፈለገ። ቴሌቪዥኑ ላይ ብሉቱዝ የሚል አለ። ከሥሩ ባለው ሆም ቴአትር ላይም ብሉቱዝ የሚል ሰማያዊ ምልክት አለ። ሄድፎኑም ብሉቱዝ ነው። ሦስቱም ብሉቱዝ ሆነው አንዱም ከአንዱ አልተገናኘ። «ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ጤነኛ ነው ወይ?» ብሎ ጠራኝ።

ዕቃዎቹ ሁሉ ጤነኛ ነበሩ። ብሉቱዝ ላይ ሙዚቃ የሚልክ አለ፣ የሚቀበል አለ። ስልክ ላኪ ነው። ሄድፎን ተቀባይ ነው። አብዛኛው ሆም ቴአትርና ስፒከርም ከስልክ እንዲቀበል ብቻ የተሠራ ተቀባይ ነው። ሁለት ተቀባዮችን ማገናኘት ሁለት ሰዎች ስልክ አንስተው ሁለቱም ሌላው እስኪናገር ዝም ብለው እንደሚጠብቁት ነው። የእሱ ቴሌቪዥን ብሉቱዝ ደግሞ የሪሞቱ ብቻ ነበር፤ ድምፅ አይልክም። ይህን ከቴሌቪዥኑ ማሸጊያ ላይ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ማሸጊያው የሚለው «ብሉቱዝ» ብቻ ነው። በመጨረሻ የሠራለት የክብሪት ሣጥን የምታክል የብሉቱዝ ላኪ ናት፤ ከቴሌቪዥኑ የኢርፎን ቀዳዳ ላይ ተሰክታ ኃይሏን ከዩኤስቢው ትወስዳለች። ኳሱ ከተመታ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ። ተንታኙን ብቻ ለሚሰማ ሰው ችግር የለውም፤ እሱ ግን የእግር ድምፅ መስማት ይወዳልና ገመዱ ረዘም ያለ ሄድፎን ገዛ።

የዚያ ሆም ቴአትር ነገር ሌላም ትምህርት ነበረው። ቴሌቪዥኑን ከእሱ ጋር በኦፕቲካል ገመድ ሲያገናኘው የዜናው ድምፅ ይሰማል፣ አንዳንድ ፊልም ሲከፍት ግን ፀጥ ይላል። ኦፕቲካሉ ቶሺባ በ1983 ያወጣው በብርሃን የሚሠራ ገመድ ነው፤ ገመዱ ንጹሕ ነበር። ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ድምፅ ሆም ቴአትሩ መፍታት በማይችለው ቅርጽ እየላከው ነው። ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ወደ ፒሲኤም፣ ማለትም ወዳልተጨመቀው ድምፅ፣ ስንቀይረው ሁሉም ተሰማ። በኤችዲኤምአይ ለሚያገናኝ ሰውም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ድምፅን ከቴሌቪዥን ወደ ስፒከር የሚመልስ ኤአርሲ የሚባል ነገር ቢኖርም፣ የሚሠራው ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው። ከጎኑ ባለው ቀዳዳ የሰካ ሰው ምስል አግኝቶ ድምፅ ያጣል። የድሮው ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያሉ ወገኖቻችን ቤት ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ዋይፋይ አለ፣ ስፒከሩም በዋይፋይ ይሠራል። ግን በየትኛው ሕግ? አፕል ከ2010 ጀምሮ ኤርፕሌይ የሚባል አለው፤ ጉግል ደግሞ ካስት። የአፕሉ ሆምፖድ እንደ ተራ የብሉቱዝ ስፒከር ከአንድሮይድ ስልክ ድምፅ አይቀበልም። ከአዲስ አበባ ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት በስልኳ ያለውን መዝሙር በልጇ ሳሎን ስፒከር ላይ ልታሰማ ብትፈልግ፣ ስልኳ ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ ከሆነ በቀጥታ አትችልም። የልጇን ስልክ መዋስ አለባት። ሁለት ሺህ ዶላር የፈጀ ሳሎን ውስጥ ከእናት ስልክ ድምፅ የሚወስድ ዕቃ አለመኖሩ ያሳፍራል።

ኩባንያዎቹ ከሌሎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ትናንታቸውም ጋር አይስማሙም። ሠርግና የግቢ ድግስ ላይ የሚወጣውን ጄቢኤል ስፒከር እንውሰድ። ሁለት ሦስቱን አያይዞ አንድ ሙዚቃ ማጫወት ይቻላል ይባላል። ፍሊፕ 4 ይህን የሚያደርገው ኮኔክት ፕላስ በተባለ ዘዴ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ፍሊፕ 5 ፓርቲቡስት በሚባል ሌላ ዘዴ። ሁለቱ አይያያዙም። ከእነሱ በኋላ የመጡት አዳዲሶቹ ደግሞ ወደ ሦስተኛ ዘዴ ተሻግረዋል። ሁለት ወንድማማች በተለያየ ዓመት የገዟቸው፣ ስማቸው አንድ የሆኑ ስፒከሮች እርስ በርሳቸው ባዕድ ሆነው ይቀራሉ።

ውድ ወደሆነው ሠፈር ስንሄድም ያው ነው። የአሜሪካው ስፒከር አምራች ሶኖስ በ2020 መተግበሪያውን ለሁለት ከፈለውና የቀድሞ ዕቃዎቹ በአሮጌው ላይ ቀሩ። በግንቦት 2024 ደግሞ መተግበሪያውን እንደ አዲስ ሠርቶ ሲያወጣ ማንቂያ ደወልንና የዘፈን ወረፋ ማስተካከልን የመሳሰሉ ሰዎች የለመዷቸው ነገሮች ጠፉ፤ ስፒከሮች ከስልክ ተሰወሩ። ቁጣው ከባድ ነበር፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ፓትሪክ ስፔንስ በጥር 2025 ከኃላፊነት ወረደ። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ስፒከሩ ራሱ አለመለወጡ ነው። ሽቦውም ማግኔቱም ትናንት የነበረው ነው። የተለወጠው ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ብቻ ሆኖ ሰው ቤት ያለው ዕቃ ግን ዝም አለ። ከአርባ ዓመት በፊት የተገዛ ቴፕ ዛሬም ሲሰካ የሚዘፍነው ፈቃድ የሚጠይቀው ስልክ ስለሌለው ነው።

ጆሮ ለሚከብደው ሰው

እስካሁን ያወራነው ሙዚቃና ኳስ ስለሆነ የቅንጦት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የመስማት ችግር ላለበት ሰው ግን ቅንጦት አይደለም። አፕል ከመስሚያ መሣሪያ አምራቾች ጋር በመተባበሩ ከ2014 አካባቢ ጀምሮ ለአይፎን ብቻ የሚሠሩ የመስሚያ መሣሪያዎች ወጡ። ጉግል የራሱን ዘዴ ያሳወቀው በ2018 ነው። በመካከሉ በጆሯቸው መሣሪያ ላይ ብዙ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ስልክ የመረጡት በዋጋው ወይም በካሜራው ሳይሆን መሣሪያቸው የሚያውቀው በመሆኑ ነበር። አንድ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ነገር ስልክ አምራች እንዲወስንለት መደረጉ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥ ያስቆጣኛል።

መፍትሔ የሚመስለው ነገር መጥቷል። የብሉቱዝ ማኅበሩ በጥር 2020 ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለውን አሳወቀ፤ ዝርዝሩ ተሟልቶ ያለቀው በ2022 ነው። ኤልሲ3 የሚባል አዲስ ኮዴክ ይዟል፤ በትንሽ ኪሎቢት ከኤስቢሲ የተሻለ ድምፅ ያስተላልፋል፣ ባትሪም ይቆጥባል። የጥሪና የሙዚቃ መንገድ መለያየትንም ያለዝባል። የመስሚያ መሣሪያዎችም በዚሁ የጋራ ሕግ ሥር ገብተዋል። ኦራካስት የሚባል ክፍልም አለው፤ አንድ ላኪ በአካባቢው ላሉ ማዳመጫዎች ሁሉ፣ ቁጥር ሳይወስን፣ ድምፅ ይለቃል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዲህ ያለ ላኪ ቢተክል፣ ከኋላ ዓምድ ሥር የተቀመጡ ጆሯቸው የደከመ አባት ስብከቱን ከነጥራቱ በገዛ መሣሪያቸው ይሰሙ ነበር። የድምፅ ማጉያውን እስኪያስጨንቅ ከፍ ማድረግም ባላስፈለገ።

ችግሩ ይህም በውዴታ መሆኑ ነው። ሣጥን ላይ «ብሉቱዝ 5.2» ወይም «5.3» ተብሎ መጻፉ ኤልኢ ኦዲዮ አለው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ዕቃው የትኛውን የሕግ እትም እንደሚከተል ይናገራል እንጂ ከሕጉ ውስጥ የትኞቹን ውዴታዎች እንደተቀበለ አይናገርም። አንድሮይድ ከ13ኛ እትሙ፣ ከ2022 ጀምሮ፣ ለኤልኢ ኦዲዮ በሩን ከፍቷል፤ በአንድ ስልክ ላይ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ግን ቺፑና አምራቹ ነው። ሻጭ «5.3 ነው፣ አዲሱ ነው» ሲል እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምፈልገው ሣጥኑ ላይ አራት መስመር ነው። ይልካል ወይስ ይቀበላል። በየትኞቹ ኮዴኮች። ከየትኞቹ ስልኮች ጋር ምኑ ይጎድላል። ፕሮግራሙ እስከ መቼ ይታደሳል። ብስኩት ምን እንደያዘ ማሸጊያው ላይ የሚጻፍ ከሆነ የወር ደመወዝ የሚበላ ሄድፎን ይህን ያህል ቢናገር አይበዛበትም።

እስከዚያው ድረስ ግን ገዢው የራሱን ስልክ ይዞ ይሂድ፤ ሣጥኑም ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ይከፈት። መዝሙር ወይም ዘፈን መስማት ብቻ አይበቃም። ለሰው ይደወል፤ የተደወለለት ሰው «እንዴት ትሰማኛለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ቪዲዮ ይከፈት፤ አፍና ድምፅ አብረው መሄዳቸው ይታይ። ለቴሌቪዥን ከሆነ የቴሌቪዥኑ የኋላ ቀዳዳዎች በስልክ ፎቶ ተነሥተው ለሻጩ ይታዩ። ከውጭ ለሚልኩ ልጆች ደግሞ፣ ስጦታውን ከመግዛታችሁ በፊት እናታችሁን «ስልክሽ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። የተላከው ማዳመጫ ከቀድሞ ባለቤቱ ስልክ ጋር የተቆራኘ ከሆነ ከዚያ ስልክ ላይ መሰረዝ አለበት፤ ካልተሰረዘ ሜሪላንድ ያለው ስልክ ማዳመጫው የእኔ ነው ማለቱን አይተውም። የማደሻ ፕሮግራሙ በአይፎን ብቻ የሚመጣለት ከሆነም አይፎን ያለው ዘመድ ጋ አልፎ አልፎ ማስጠጋት ያስፈልገዋል። ከመክፈል በፊት መሞከርን የሚከለክል ሻጭ ካለም አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ።